የጋዝ ውሃ ማሞቂያ ከመግጠማችሁ በፊት አየሩን አስሉ

መብራት በጠፋ ቁጥር በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብ የሰለቸው ሰው ወደ ጋዝ ማሞቂያ ቢያዘነብል አይፈረድበትም። ችግሩ ሱቅ ውስጥ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ መሆኑ ነው፦ «ስንት ሊትር ነው?» ስንት አየር እንደሚበላና ሲሊንደሩ ያን ያህል ጋዝ ማድረስ መቻሉን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሰው የሚሞተው ግን በእነዚህ በሁለቱ ምክንያት ነው፤ ይበልጡን በመጀመሪያው።

ሂሳቡ ቀላል ነው። በደቂቃ 10 ሊትር የሚባለው ማሞቂያ 20 ኪሎዋት ገደማ ሲሆን በሙሉ አቅሙ ሲነድ በሰዓት 1.6 ኪሎ ያህል ጋዝ ይፈጃል። አንድ ኪሎ ጋዝ በደንብ ለመንደድ ቢያንስ 15 ኪሎ ተኩል አየር ይፈልጋል። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ስስ ነው፤ ባሕር ጠረፍ ላይ 1.2 ኪሎ የሚመዝነው አንድ ሜትር ኩብ አየር እዚህ 0.9 ኪሎ ብቻ ይመዝናል። ስለዚህ ማሞቂያው በሰዓት ወደ 28 ሜትር ኩብ አየር ይጠባል። 2 ሜትር በ1.5 ሜትር የሆነ፣ ጣሪያው 2.4 ሜትር የሚደርስ መታጠቢያ ቤት የሚይዘው 7.2 ሜትር ኩብ ነው። በርና መስኮት ዘግቶ ሩብ ሰዓት የሚታጠብ ሰው የክፍሉን አየር በሙሉ የሚያክል አየር ለእሳቱ እየሰጠ ነው ማለት ነው። እዚያ ሳይደርስም ኦክስጅኑ ሲሳሳ እሳቱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ማውጣት ይጀምራል። የሚነድ ከሰል ቤት አስገብተው የሚያድሩ ሰዎችን የሚገድለው ይኸው ጋዝ ነው። አይሸትም፣ አይታይም። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ያመጣል፤ ሙቅ ውሃ ስር የቆመ ሰው ደግሞ ይህን የሙቀቱ ድካም አድርጎ ያልፈዋል።

ስለዚህ ማሞቂያው መታጠቢያ ቤትም መኝታ ቤትም ውስጥ አይገጠም። ጭስ ማውጫ የሌለውን ዓይነት ከነጭራሹ አትግዙ፤ ቻይና ራሷ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ሽያጩን ከልክላለች። ከግድግዳ ውጭ አየር የሚስበውና ጭሱንም ወደ ውጭ የሚገፋው ዝግ ማሞቂያ ከሁሉም ይሻላል፤ ግን ማራገቢያው 220 ቮልት ይፈልጋል፣ መብራት ሲጠፋም አብሮ ይቆማል። ለመብራት መቋረጥ ብላችሁ የምትገዙ ከሆነ በባትሪ ድንጋይ የሚለኮሰውን ባለ ጭስ ማውጫ ያዙና ውጭ፣ ዝናብና ቀጥተኛ ነፋስ በማያገኘው ግድግዳ ላይ ግጠሙት። በመስታወት የተዘጋ በረንዳ ውጭ አይባልም።

ከፍታው ሌላም መዘዝ አለው። የአሜሪካ የጋዝ ደንብ ከ600 ሜትር በላይ ለሚገጠም ዕቃ ከባሕር ወለል ጀምሮ በየ300 ሜትሩ 4 በመቶ ከአቅሙ ቀንሱ ይላል። ለአዲስ አበባ 30 በመቶ ያህል ይመጣል፤ 10 ሊትር የተባለውን እንደ 7 ሊትር ቁጠሩት። ለአንድ ሻወር ይበቃል። ሙቀቱ አነሰ ብሎ ኖዝሉን፣ ማለትም ጋዙ ወደ እሳቱ የሚወጣበትን ቀዳዳ፣ በመሰርሰሪያ የሚያሰፋ ባለሙያ ካጋጠማችሁ አስቁሙት፤ በስስ አየር ላይ ጋዝ መጨመር ማለት ካርቦን ሞኖክሳይድ መጨመር ማለት ነው። መመሪያው ላይ የከፍታ ገደብ ተጽፎ እንደሆነም ሳትገዙ አንብቡ።

ወደ ጋዙ እንምጣ። የማእድ ቤት ሲሊንደር ያለማቋረጥ ሊሰጥ የሚችለው በሰዓት 1 ኪሎ ገደማ ነው፤ ሲቀዘቅዝና ሲጎድል ከዚያም ያንሳል። ጋዙ ከፈሳሽነት ወደ ትነት ሲለወጥ ሙቀት የሚወስደው ከራሱ ከሲሊንደሩ ስለሆነ፣ ተከታትለው ሁለት ሦስት ሰው ሲታጠቡ ሲሊንደሩ ያልበዋል፣ እሳቱም ይደክማል። ያን ጊዜ ሲሊንደሩን በእሳት ማሞቅ ወይም ማጋደም እብደት ነው፤ ከተጋደመ ፈሳሹ ራሱ ወደ ሬጉሌተሩ (ሲሊንደሩ አፍ ላይ ወዳለው የግፊት መቆጣጠሪያ) ይገባል። መፍትሔው ሁለት ሲሊንደር ጎን ለጎን ማገናኘት ነው።

ሬጉሌተሩ ላይ ሁለት ቁጥር እዩ። ግፊቱ ከማሞቂያው ታርጋ ጋር መግጠም አለበት፤ ብዙዎቹ 2,800 ፓስካል ወይም 28 ሚሊባር ይላሉ። ሁለተኛው በሰዓት ስንት ኪሎ እንደሚያሳልፍ ነው። ለምድጃ የተሠራው 1 ኪሎ የሚያሳልፍ ሬጉሌተር ለ20 ኪሎዋት አይበቃም፤ 2 ኪሎ ፈልጉ። ለትልልቅ ምድጃዎች የሚሸጠው፣ ግፊቱን በእጅ የሚያስተካክሉት ባለ ከፍተኛ ግፊት ሬጉሌተር እዚህ ቦታ የለውም።

ሲሊንደሩ ውጭ፣ ጥላ ውስጥ፣ ቀጥ ብሎ ይቁም። ጋዙ ከአየር ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ስለሚከብድ ሲያፈስ መሬት ለመሬት ይሄዳል፣ ማንሆልና ምድር ቤት ውስጥም ይተኛል፤ ስለዚህ ከፍሳሽ ቀዳዳም ከሶኬትም ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ይራቅ። ጎማው የጋዝ ጎማ፣ ቀኑ የተጻፈበት፣ ከ1.5 ሜትር ያልበለጠ ይሁን፤ በሁለቱም ጫፍ በፋሸታ ይጥበቅ፣ ግድግዳም ሰንጥቆ አይለፍ። ርቀት ካለ 15 ሚሊሜትር የመዳብ ቱቦ ዘርጉ፤ ከማሞቂያው አጠገብም በቀላሉ የሚደረስበት መዝጊያ ይኑር። ለቱቦ ጥርስ ማያያዣ የጋዝ ቴፍሎን እንጂ ቀጭኑ የውሃ ቴፍሎን አይሆንም።

ግፊቱን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ግልጽ የሆነ ቀጭን ጎማ ታጥፎ ግማሽ ድረስ ውሃ ከተሞላ በኋላ በማሞቂያው የመለኪያ ጫፍ ላይ ይሰካል፤ በሁለቱ የውሃ ደረጃዎች መካከል ያለው ልዩነት 28 ሴንቲ ሜትር ግድም ከሆነ 28 ሚሊባር ገደማ ነው። ማሞቂያው በሙሉ አቅሙ እየሠራ ከ25 በታች ከወረደ ሬጉሌተሩ አንሷል ወይም ቱቦው ጠቧል። ከዚያ እሳቱን አጥፍታችሁ ሲሊንደሩን ዝጉና 10 ደቂቃ ጠብቁ፤ ውሃው ከተንቀሳቀሰ የሚያፈስ ቦታ አለ። ቦታውን የሚነግራችሁ ሲሊንደሩ ተከፍቶ በየመጋጠሚያው የሚቀባ የሳሙና አረፋ ነው። ክብሪት በፍጹም!

የግድ ቤት ውስጥ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሰፊ ማእድ ቤት፣ ወደ ውጭ የሚከፈቱ ሁለት ቀዳዳዎች አውጡ፤ አንዱ ከጣሪያው፣ ሌላው ከወለሉ በ30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ። ለ20 ኪሎዋት እያንዳንዱ ቢያንስ 110 ካሬ ሴንቲ ሜትር ንጹሕ ክፍተት ይፈልጋል። ወንፊትና ክንፍ ክፍተቱን ስለሚበሉ፣ ከፍታውም ስላለ 15 በ15 ሴንቲ ሜትር አድርጉት። ብርድ ገባ ተብሎ በጨርቅ እንዳይወተፍ ለቤተሰቡ ሁሉ ንገሩ። ጭስ ማውጫው ከማሞቂያው አፍ አይጥበብ፣ ከማንኛውም ኤልቦ በፊት ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ቀጥ ብሎ ይውጣ፣ ከዚያም ሽቅብ እያዘነበለ ይሂድ። የፕላስቲክ ቱቦ ይቀልጣል።

ሲያልቅ በሩንና መስኮቱን ዝጉ፣ አየር ወደ ውጭ የሚያወጣውን የማእድ ቤት ማራገቢያ አብሩ፣ ማሞቂያውን 10 ደቂቃ አንድዱ። ማሞቂያው እየነደደ ሳለ፣ አሁን ጠፍቶ ገና የሚጨስ ጧፍ በማሞቂያው አናት ላይ ወዳለው ጭስ መሰብሰቢያ ጠርዝ አስጠጉ። ጭሱ ወደ ውስጥ ከተሳበ ደህና ነው። ወደ ክፍሉ ከተመለሰ ማራገቢያው ጭሱን ከማውጫው እየሳበው ነውና ቀዳዳውን ሳታሰፉ ወይም ማራገቢያውን ሳታነሱ አትጠቀሙ። እሳቱ ሰማያዊ መሆን አለበት፤ ጫፉ ቢጫ ሆኖ ጥላሸት ካመጣ አቧራ ወይም የሸረሪት ድር አየሩን ዘግቶታልና እስኪጸዳ ዝጉት። የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ ከተገኘ በቆመ ሰው ራስ ከፍታ፣ የጋዝ ጠቋሚ ደግሞ ከወለሉ 30 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ከፍታ ይሰቀላል። ሲሊንደር በተቀየረ ቁጥርም ሬጉሌተሩ የተቀመጠበትን ቦታ በሳሙና አረፋ ፈትሹ፤ ጎሚኒው የሚቀደደው ብዙ ጊዜ ሲፈታና ሲገጠም ነው።