የተቃጠለው ባና

መንዝ ውስጥ ጤና ጣቢያ ስሠራ ነው። አንዲት እናት ሦስት ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። ልጆቹ የጣቶቻቸውን መሃል እያከኩ አድምተውታል። ማታ ማታ ይብስባቸዋል። እከክ ነበር።

የፐርሜትሪን ቅባት ሰጠኋቸው። ሁላችሁም ከአንገት በታች ተቀብታችሁ እደሩ፣ በሳምንቱ ድገሙት አልኩ። ወረፋው በር ድረስ ደርሷል። ቸኩዬ “የሚለበሰው ሁሉ በፈላ ውሃ ይታጠብ” ብዬ ሸኘኋቸው።

ከወር በኋላ ተመለሱ። ልጆቹ ብሶባቸዋል።

“ልጄ፣ ያልሽውን ሁሉ አድርጌያለሁ። ባናው ግን ፈላ ውሃ ሲነካው ይኮማተራል። በሽታ አቅፈን ከምናድር ብዬ አቃጠልኩት” አሉኝ።

ክው አልኩ። ባና ከበግ ጠጉር ተፈትሎ የሚሸመን ከባድ ብርድ ልብስ ነው። ስንት በግ ተሸልቶ፣ ስንት ማታ ተፈትሎ ነው አንዱ የሚወጣው! የመንዝን ብርድ ያለ እሱ ማን ይችለዋል? ቤተሰቡ በቀረው አንድ ባና ስር ተጠጋግቶ ሲያድር ከርሟል። እከክ ደግሞ በዋናነት የሚተላለፈው እንዲህ ቆዳ ከቆዳ ሲነካካ ነው።

ይባስ ብሎ አራተኛ ልጅ ነበረ። በግ ሲጠብቅ ስለዋለ አላመጡትም፤ “እሱን አያሳክከውም” ብለው አልቀቡትም። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው ማሳከክ የሚጀምረው ግን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ነው። ይህን መንገር የኔ ሥራ ነበር። አሁን እጁን ሳየው ከታናናሾቹ አይሻልም።

ባናው መቃጠል አልነበረበትም። የእከክ ተባይ ከሰው ገላ ከወጣች አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ቀን ነው የምትቆየው። የምትመገበው የለማ! ብርድና እርጥበት ባለበት ግን ቀኑ ይረዝማል። ስለዚህ እኔ ለመንዝ ቤት 10 ቀን እላለሁ። ባናውን የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከቶ፣ አፉን ጥብቅ አድርጎ አስሮ ማስቀመጥ ብቻ ነው።

የቀረውን ባና ሲያስሩት ምን ለብሰው ይደሩ? ከቤቴ ሁለት ብርድ ልብስ አምጥቼ ሰጠኋቸው። አራቱም ልጆች፣ አባትና እናት በአንድ ሌሊት ተቀቡ።

ዛሬ ቅባቱን ከመስጠቴ በፊት “ቤት ውስጥ ስንት ሰው ያድራል?” እላለሁ። ቁጥሩን ሲነግሩኝ ደግሜ እጠይቃለሁ፦ “እረኛውንስ ቆጥረውታል?”