ለ8 ሰዓት 14 ደቂቃ ጉዳይ

«ልጄ፣ ፎልደሩ ባዶ ነው።»

አዘጋጃችን የደወሉልኝ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነበር። እሳቸው ሲደነግጡ ድምፃቸው ዝቅ ይላል እንጂ ከፍ አይልም። ያን ምሽት በጣም ዝቅ ብሎ ነበር።

«የትኛው ፎልደር?»

«ዋናው ነዋ። ምንም የለበትም።»

እኛ አራት ሰዎች ነን። ቃለ መጠይቅ እንቀርጻለን፣ ድምፁን እናጸዳለን፣ እናቀናብራለን። ሁላችንም የምንሠራው ከየቤታችን ነው። ኮምፒውተር ነክ ነገር የእኔ ድርሻ ስለሆነ ሰርቨሩም እኔ ቤት ነው ያለው። ከመደርደሪያው ሥር የተቀመጠ፣ ዴቢያን ሊኑክስ የሚባለው ሲስተም (እንደ ዊንዶውስ ያለ) የተጫነበት አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። ሲስተሙ ያለው 120 ጊጋባይት በሆነች ትንሽ ዲስክ ላይ ነው። ሥራችን ደግሞ ባለ 4 ቴራባይት በሆኑ ሁለት ዲስኮች ላይ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ነገር ይይዛሉ፤ አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲተርፍ። ይህን የሚያስተዳድረው ዜድኤፍኤስ የሚባል የዲስክና የፋይል ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ነው። ባልደረቦቼ ከቤታቸው ሆነው ፎልደሩን የሚከፍቱት ሳምባ በሚባል ፎልደር በኔትወርክ የሚያጋራ ፕሮግራም ነው።

እዚያ ውስጥ የ8 ዓመት ድምፅ አለ። ካነጋገርናቸው ሰዎች አንዳንዶቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። ጽሑፍ ቢጠፋ እንደ ምንም ተብሎ እንደገና ይጻፋል። የሞተ ሰው ድምፅ ግን ከጠፋ ጠፋ ነው።

«አይዞዎት» አልኳቸው። «ምንም ነገር አይንኩ። እኔ አየዋለሁ።»

አይዞዎት ስል እኔ ራሴ እየተንቀጠቀጥኩ ነበር። ምክንያቱም ከሁለት ሰዓት በፊት ሰርቨሩን የነካሁት እኔ ነኝ።

ነገሩ የጀመረው አመሻሽ ላይ ነው። ሰርቨሩ ዴቢያን 11 ላይ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ2023 ወደወጣው 12 ላሳድገው ወሰንኩ። ይህ እንደ ሳምንታዊው አፕዴት ቀላል አይደለም። ከርነሉ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ ከ5.10 ወደ 6.1 ይዘላል። ዜድኤፍኤስ ከ2.0.3 ወደ 2.1.11 ያልፋል። ሌላም ብዙ ነገር አብሮ ይቀየራል። እኔ ሳሎን ቁጭ ብዬ፣ በላፕቶፕ፣ በዋይፋይ፣ ከርቀት በሚያስገባው በኤስኤስኤች ገብቼ ትእዛዙን ሰጠሁ። ተርሚናሉ ላይ መስመሮቹ መውረድ ጀመሩ። እኔም ወደ እራት ሄድኩ።

እንዲህ ዓይነት አፕዴት መሃል ላይ ይጠይቃል። «የሳምባን ማዋቀሪያ ፋይል ቀይረኸዋል፤ አዲሱን ልጫን ወይስ ያንተን ልተው?» ይልና ይቆማል። መልስ እስኪያገኝ ንቅንቅ አይልም። እኔ ደግሞ አጠገቡ አልነበርኩም። ላፕቶፑ ተኛ፣ ግንኙነቱ ተቆረጠ፣ በግንኙነቱ ውስጥ ሲሄድ የነበረው አፕዴትም አብሮት ተቆረጠ።

ተመልሼ ስገባ ተርሚናሉ ጸጥ ብሏል። ሰርቨሩን ማን ነህ ብዬ ስጠይቀው ዴቢያን 12 ነኝ አለ። አለቀ አልኩና ሪስታርት አደረግሁት። ተነሣ። ከርነሉ 6.1 ነው። ሳምባም መልስ ይሰጣል። ለባልደረቦቼ «አፕዴቱ አልቋል፣ ሥራችሁን መቀጠል ትችላላችሁ» ብዬ ጻፍኩ። ፎልደሩን ከፍቼ ውስጡን አላየሁም። አንድ ክሊክ ነበር የቀረኝ።

አዘጋጃችን ሲደውሉ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሳምባን ነው። ፎልደሩ ይከፈታል፣ ውስጡ ግን አይታይም፤ ስለዚህ የፈቃድ ጉዳይ መሰለኝ። የማዋቀሪያ ፋይሉን መስመር በመስመር አነበብኩ። ከአሮጌው ቅጂ ጋር አስተያየሁት። የተጠቃሚዎቹን ዝርዝር አየሁ። ሳምባን አጥፍቼ አስነሣሁ፣ ደግሜ አጥፍቼ አስነሣሁ። ከሁለት ሰዓት በላይ እዚያው አለፈ። ችግሩ ያለው ቤቱ ውስጥ ሆኖ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቁልፉን እመረምራለሁ።

ቀጥሎ ዲስኮቹ ሞተው ይሆን ብዬ ፈራሁ። ስማርት የሚባለውን የዲስክ ጤና መዝገብ አወጣሁ። ተበላሽተው የተተኩ ሴክተሮች ብዛት በሁለቱም ላይ 0 ነው። ይህ ሊያረጋጋኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ጭራሽ ባሰብኝ። ዲስኩ ጤነኛ ከሆነና ፋይሉ ከሌለ፣ ማን አጠፋው?

ከዚያ ሎጉን፣ ሰርቨሩ የሠራውን ሁሉ የሚጽፍበትን መዝገብ፣ ማንበብ ያዝኩ። ከምሽቱ ተነሥቼ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ሄድኩ። ያለፈው ሌሊት ላይ ስደርስ አንዲት መስመር አገኘሁ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ባክአፕ ተጀመረ ትላለች። በየቀኑ ያለች መስመር ናት። አይቻት ላልፍ ስል እጄ ኪቦርዱ ላይ ደርቆ ቀረ።

የባክአፑን ስክሪፕት የጻፍኩት እኔ ነኝ። በየሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን ብቻውን ይነሣል። ዋናውን ፎልደር በዩኤስቢ ከተሰካ ውጫዊ ዲስክ ጋር ያመሳስላል። የሚጠቀመው አርሲንክ የሚባለውን የፋይል መገልበጫ ነው፤ «ዲሊት» የሚለውን ምርጫ ጨምሬበታለሁ። ትርጉሙ፣ ዋናው ላይ የሌለ ነገር ባክአፑም ላይ አይኑር ማለት ነው። በደህና ጊዜ ጥሩ ነው፤ ዲስኩ በአሮጌ ፋይል አይጨናነቅም። አሁን ግን ዋናው ባዶ ነው። ስክሪፕቱ ይህ ለምን ሆነ ብሎ አይጠይቅም። ሰዓቱ ሲደርስ ባዶውን አይቶ ባክአፑንም ባዶ ያደርገዋል። በሎጉም ላይ «በተሳካ ሁኔታ ተጠናቀቀ» ብሎ ይጽፋል።

ሰዓቱን አየሁ። 7 ሰዓት ከ46።

የሰዓት ቀጠሮውን መስመር ዘጋሁ። ውጫዊውን ዲስክ በትእዛዝ አላቀቅሁት። ይህ በቂ ነበር። ግን አላመንኩም። ከመደርደሪያው ሥር ተንበርክኬ ኬብሉን በእጄ ነቀልኩ። ዲስኩ ለብ ብሏል። የስልክ መብራት ይዤ፣ ዲስኩን ደረቴ ላይ አስጠግቼ፣ ወለሉ ላይ ትንሽ ቁጭ አልኩ።

ዋናዎቹ ዲስኮች ላይ ያለው ሥራ ያኔም አልተነካም ነበር። ይህን ያወቅሁት ግን በኋላ ነው። በዚያች ደቂቃ በእርግጠኝነት አለ የምለው ቅጂ በእጄ የያዝኩት ብቻ ነበር። እሱን ደግሞ ሊያጠፋ የተዘጋጀው ቫይረስ አይደለም፣ ሌባ አይደለም። እኔው ለጥንቃቄ ብዬ ያስቀመጥኩት ስክሪፕት ነው። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ፋይል ጠፋ የሚል ሰው ሲደውልልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ብቻውን የሚነሣ ነገር አለህ ወይ?» ብዬ ነው። ምርመራው ይደርሳል።

ዲስኩ በእጄ ከገባ በኋላ አእምሮዬም ሰከነ። ገና በ4 ሰዓት ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ። ፎልደሩ የቱ ዲስክ ላይ እንዳለ ጠየቅሁ። 3.5 ቴራባይት ሊል የሚገባው ቦታ ላይ 110 ጊጋባይት ይላል። ያች ትንሿ የሲስተም ዲስክ ናት! ትልልቆቹ ዲስኮች በቦታቸው የሉም።

ለማያውቀው ላስረዳ። ሊኑክስ ላይ ዲስክ የሚታየው በአንድ ፎልደር ላይ ማውንት ሲደረግ ነው። ፎልደሩ ቀድሞም አለ፣ ባዶ ሆኖ። ዲስኩ ሲመጣ ይሸፍነዋል፤ የምናየውም የዲስኩን ይዘት ይሆናል። ዲስኩ ካልመጣ ያው ባዶው ፎልደር ይቀራል። ሳምባ ይህን ለይቶ አያውቅም። ፎልደር ነው የተባለውን ያሳያል።

ታዲያ ዲስኮቹ ለምን አልመጡም? ዜድኤፍኤስን ስለ ሁኔታው ስጠይቀው ሞጁሉ (ከከርነሉ ጋር የሚያገናኘው ክፍል) አልተጫነም አለ። ልጭነው ስል በ6.1 ከርነል ሥር እንዲህ ያለ ሞጁል የለም ተባልኩ። ያኔ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። ዴቢያን ላይ ዜድኤፍኤስ ከከርነሉ ጋር አብሮ አይመጣም። ለእያንዳንዱ ከርነል እዚያው ማሽኑ ላይ ይገነባል። አፕዴቱ ሲቆረጥ አዲሱ ከርነል ገብቷል፣ አዲሱ ዜድኤፍኤስ ገና አልገባም። የነበረው 2.0.3 ደግሞ 6.1ን አያውቀውም። ማሽኑ ግማሽ አካሉ 12፣ ግማሹ 11 ሆኖ ነው የተነሣው።

መፍትሔው አጭር ነው። አፕዴት ሲደረግ አሮጌው ከርነል ወዲያው አይጠፋም። ሞኒተርና ኪቦርድ ሰካሁ፣ ሪስታርት አደረግሁ፣ መነሻው ምናሌ ላይ ወደ ተጨማሪ አማራጮች ገብቼ 5.10ን መረጥኩ። አሮጌው ከርነል ከአሮጌው ዜድኤፍኤስ ጋር ተገናኘ። ፎልደሩን ከፈትኩ። የ8 ዓመቱ ሥራ እዚያው ነው። ከየዓመቱ አንድ አንድ ፋይል አውጥቼ አዳመጥኩ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት አልፏል፤ ለአዘጋጃችን መልእክት ላክሁ። ወዲያው መለሱልኝ። አልተኙም ነበር።

ጠዋት የተቋረጠውን አፕዴት ጨረስኩ። በዚህ ጊዜ የሠራሁት ቲመክስ በሚባል ፕሮግራም ውስጥ ነው፤ የእኔ ላፕቶፕ ቢተኛም ሥራው ሰርቨሩ ላይ ይቀጥላል። በግማሽ የቀሩትን የሶፍትዌር ጥቅሎች አስጨረስኩ፣ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ መለስኩ። ሪስታርት ከማድረጌ በፊት ዜድኤፍኤስ ለ6.1 መገንባቱን አረጋገጥኩ። ፑሉን (ዜድኤፍኤስ ሁለቱን ዲስኮች ያጣመረበትን ማከማቻ) ወደ አዲሱ ስሪት አሳድግ የሚለውን ማሳሰቢያ ግን ለጊዜው ተውኩት። እሱ አንዴ ከተደረገ መመለሻ የለውም፤ ያን ሌሊት ያዳነኝ ደግሞ ወደ አሮጌው መመለስ መቻሌ ነው።

ስክሪፕቱንም ከሥሩ ቀየርኩት። አሁን ከመጀመሩ በፊት በትልልቆቹ ዲስኮች ላይ ያስቀመጥኳትን አንዲት ምልክት ፋይል ይፈልጋል። ካላገኛት ሥራውን ትቶ ለስልኬ መልእክት ይልካል። በአንድ ሌሊት ሊያጠፋ የሚችለው የፋይል ብዛትም ተወስኖለታል። ከሁሉ በላይ ግን የትናንቱን በዛሬው መደምሰስ ትቷል፤ በየቀኑ ቀን የተጻፈበት ቅጂ ያስቀምጣል። «ሁለት ዲስክ አለኝ፣ ስለዚህ ባክአፕ አለኝ» የሚል ሰው ስሰማ ዝም ማለት አልችልም። ሁለቱ ዲስኮች የሚያድኑት ከዲስክ ሞት ብቻ ነው። ከአንዱ ያጠፋኸው ከሌላውም በዚያችው ቅጽበት ይጠፋል። አሁን ሦስተኛ ቅጂ ሌላ ባልደረባችን ቤት አለ፤ በወር አንዴ ተለዋውጠን እናድሰዋለን።

ረፋድ ላይ አዘጋጃችን እንደገና ደወሉ።

«ልጄ፣ ሁሉም አለ። ትናንት ማታ ያስገባሁት ብቻ የለም።»

«ማታ? መቼ?»

«ባዶ መሆኑን ያየሁት እኮ እሱን ላስገባ ስል ነው። ለጥፌው ነው የደወልኩልህ።»

የ43 ደቂቃ ቃለ መጠይቅ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ሲያጸዱት ነበር። ላፕቶፓቸው ስለሚሞላ ሥራ ሲጨርሱ ቆርጠው ሰርቨሩ ላይ ይለጥፋሉ። እሳቸው ዘንድ ቅጂ የለም። የቀደመው ጥሬ ቀረጻ አለ፤ የሦስት ቀኑ ልፋት ግን የለም። ሰውየው ደግሞ ካረፉ ሁለት ወራቸው ነው።

ትንሽ አሰብኩ። እሳቸው ሲለጥፉ ፎልደሩ የትንሿ ዲስክ ነበር። እኔ ትልልቆቹን ስመልስ በላዩ ላይ መጡበት። ስለዚህ ፋይሉ አልጠፋም ማለት ነው፤ ከሥር ነው ያለው፣ ተሸፍኖ።

የሲስተሙን ዲስክ ሥር በሌላ ስም ሁለተኛ ጊዜ ማውንት አደረግሁት። እንዲህ ሲደረግ በላዩ ላይ የመጣው ዲስክ አብሮ አይመጣም፤ ከሥር ያለው ራቁቱን ይታያል። ያንኑ ፎልደር በዚያ በኩል ከፈትኩት። አንድ ፋይል ብቻ አለ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ይላል።

ወደ ትክክለኛው ቦታው ገለበጥኩት። የታችኛው ባዶ ፎልደር ላይ ከእንግዲህ ማንም እንዳይጽፍበት ቆለፍኩት። ከዚያ ስልኩን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠጋሁና ፋይሉን አስጀመርኩት።

መጀመሪያ ወንበር ሲንቀሳቀስ ይሰማል። ቀጥሎ ጉሮሮ ሲጠረግ። ከዚያ አንድ ያረጀ ድምፅ «ጀመረ እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል።

አዘጋጃችን ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ።

«እሳቸው ናቸው» አሉኝ።