የዊንተር ጀንበር በቲስ ወንዝ አፍ፦ መጀመሪያ ውኃውን እዩ

ሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ውስጥ፣ የቲስ ወንዝ ባሕር በሚገባበት አፍ ላይ ሳውዝ ጌር የሚባል ረጅም የማዕበል መከላከያ አለ፤ የጀንበር መጥለቂያን ፎቶ የማነሳው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1888 የተሠራው ከብረት ማቅለጫ በወጣ ዝቃጭ፣ ስላግ በሚሉት ነው። የድሮ ፎቶዎች ላይ የሚታየውን፣ በአቅራቢያው የነበረውን የሬድካር ብረት ማቅለጫ ምድጃ አትፈልጉ፤ በ2015 ሥራ አቆመ፣ በ2022 በፈንጂ ፈረሰ።

በዲሴምበር አጋማሽ ጀንበር የምትጠልቀው ከቀኑ 9:40 ገደማ ነው፣ በፈረንጆቹ 15:40። አቅጣጫዋ ደቡብ ምዕራብ፣ ከወንዙ አፍ ማዶ ካለው የኑክሌር ማመንጫ በስተግራ ነው። ወፍራም ልብስ፣ የግንባር ባትሪ፣ ጨው ከሌንስ የሚጠርግ ጨርቅ፤ በቃ።

እኔን ያቃጠለኝ ውኃው ነው። ሰማዩን ብቻ እያየሁ አንድ ሙሉ ዊንተር በከንቱ ተመላለስኩ። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ደስ ይላል ብዬ ያንን ቀን እመርጥ ነበር፤ ከዚያ የባሰ ምርጫ የለም። እዚህ አካባቢ ጨረቃ ሙሉ ወይም አዲስ በሆነች ሰሞን ባሕሩ ሞልቶ ጫፍ የሚደርሰው ጀንበር በምትጠልቅበት ሰዓት ግድም ነው፣ 5.5 ሜትር ያህል። ብራን ሳንድስ የሚባለው አሸዋና ጭቃ ውኃ ውስጥ ይገባል፤ የሚቀረው ነፋስ የሚያንቀጠቅጠው ግራጫ ውኃ ነው። ቀለሙን የሚይዘው ግን ውኃው ገና የለቀቀው፣ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጨው ጭቃ ነው። ስለዚህ ከሙሉ ወይም ከአዲስ ጨረቃ 8 ቀን ገደማ ቆጥራችሁ ሂዱ። ያኔ ውኃው ጀንበር ስትጠልቅ ገና እየሸሸ ነው። ውኃው ሲጎድል ከፍታው 2 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚቆም የሚገለጠው ጭቃ ያንሳል፣ ግን ይበቃል። የቲስ አፍን የሙላት ሠንጠረዥ ሳታዩ ከቤት አትውጡ። ጭቃው ላይ አትራመዱ።

የአየር ትንበያው «የጠራ ሰማይ» ሲል ሁሉም ይሮጣል። እኔ አልሮጥም። ከፍ ብሎ የተዘረጋ ስስ ደመና፣ ከሥሩ ክፍት አድማስ፤ የምፈልገው ይህን ነው። ደመናው የሚቀላውም ፀሐይ ከገባች ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በኋላ ነው፣ ብዙው ሰው መኪናውን ሲያስነሳ።

ስትመለሱ ባትሪ ሳታበሩ ከስላጉ ላይ አትውረዱ፤ ጠርዙ እንደ ተሰበረ ጠርሙስ ይቆርጣል፣ አረንጓዴ አልጌ የያዘው ላይ ደግሞ ጫማ አይቆምም።