አምፖሉ ያመሳሰለው ጥለት

ጥምቀት ሲቃረብ ሽሮ ሜዳ ካለ አንድ የሀገር ልብስ ሱቅ ተደወለልኝ። ባለቤቷ እትዬ ነበሩ፤ ሱቁ ሲከፈት ሽቦውን የዘረጋሁት እኔ ስለሆንኩ መብራት ነክ ነገር ሁሉ ወደ እኔ ነው የሚመጣው። «ቶሎ ናልኝ፣ ይሄ መብራት ከሰው ጋር ሊያጣላኝ ነው» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሱቁ ውስጥ ስድስት ባለ 100 ሻማ አምፖሎች ነበሩ፤ ከሰዓት በኋላ ከሥራቸው መቆም ምጣድ ዳር እንደመቆም ነው። የወንድማቸው ልጅ «600 ዋት እያነደዱ እንዴት ያተርፋሉ?» ብሎ ከመርካቶ ባለ 12 ዋት ኤልኢዲ ገዝቶ ሁሉንም ቀየረ። ሒሳቡ ላይ ምንም ስህተት የለም፤ ስድስቱም አንድ ላይ 72 ዋት ነው የሚወስዱት። ሱቁ ቦግ አለ፣ ሙቀቱም ቀረ። እትዬ ልጁን መርቀውት ነበር።

ከዚያ አንዲት ደንበኛ ቀይ ጥለት ያለው ቀሚስ መርጣ ነጠላውን ከሌላ መደርደሪያ አዛመደች። ሱቅ ውስጥ ሁለቱ ጥለቶች አንድ ናቸው። በማግስቱ ተመልሳ መጣች፦ ፀሐይ ላይ የቀሚሱ ጥለት ደማቅ ቀይ፣ የነጠላው ደግሞ ወደ ቡኒ የሚያደላ ሆኖባታል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባላል፤ ለጥምቀት ያልገጠመውስ ምን ይሁን?» ብላ ባንኮኒው ላይ ጣለችው አሉ። እትዬ ክር ቀይረህብኛል ብለው ሸማኔውን ጠሩት። ሰውዬው ምንም አልመለሰም። ቀሚሱንና ነጠላውን ይዞ ደጅ ወጣ፣ አሳያቸው፤ መልሶ አስገባቸው፣ አሳያቸው። ከዚያ ጣቱን ወደ ኮርኒሱ ቀሰረ። እኔ ስደርስ ምርመራው አልቆ ነበር ማለት ነው፤ የቀረኝ ለምን እንደሆነ ማስረዳት ብቻ ነው።

ነጭ ኤልኢዲ በተፈጥሮው ነጭ አይደለም። ውስጡ ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጡ ትንንሽ ቅንጣቶች አሉ፤ በላያቸው የተቀባው ቢጫ ነገር ከሰማያዊው ከፊሉን ወደ ቢጫ ይለውጠዋል፤ ሁለቱ ሲደባለቁ ዓይናችን ነጭ ይለዋል። ርካሽ አምፖል ላይ በዚህ ድብልቅ ውስጥ የሚጎድለው ቀይ ነው። ቀይ የሌለው ብርሃን ቀይ ክር ላይ ቢያርፍ ክሩ የሚመልሰው ነገር የለውም፣ ይደበዝዛል። ሁለት የተለያዩ ቀዮችም አንድ መስለው ይታያሉ። የድሮው አምፖል ቀይ ሞልቶ የተረፈው ስለነበር ይህ ችግር አልነበረበትም። (ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ክር ግን እሱም ያደባልቅ ነበር፤ እትዬ ያንን ረስተውታል፣ እኔም አላስታወስኳቸውም።)

ካርቶኑን አስፈለግኩ። ከዕቃ ቤት ወጣ። በትልቁ 12 ዋት፣ ከሥሩ 6500 ኬልቪን (የብርሃኑ ቀለም ቁጥር ነው፤ ሲያንስ ወደ ቢጫ፣ ሲበዛ ወደ ነጭ ያደላል)፣ ሌላ ምንም። ዋት የሚነግረን ቆጣሪው ስለሚቆጥረው ነው እንጂ ስለ ብርሃኑ አይደለም። የብርሃኑን መጠን የሚናገረው ሉመን ነው፤ የ60 ሻማውን ለመተካት ከ700 እስከ 800፣ የመቶውን ለመተካት ከ1,300 እስከ 1,500 ሉመን ያስፈልጋል። ቀለም እንዴት እንደሚያሳይ የሚናገረው ደግሞ ሲአርአይ የሚባለው ቁጥር ነው፤ የድሮው አምፖል 100 ገደማ ነው። ለመኖሪያ ቤት 80 ይበቃል። ለጨርቅ ሱቅ ከ90 በታች አልሰቅልም። እዚህ ላይ ደግሞ አንድ ሸፍጥ አለ፦ ያ ቁጥር የስምንት ፈዛዛ ቀለሞች አማካይ ነው፣ ደማቁ ቀይ አር 9 ተብሎ ለብቻው ነው የሚለካው። ስለዚህ 80 የተጻፈበት አምፖል ቀይ ላይ ወድቆም 80 ሊባል ይችላል። አር 9 የጻፈ ካርቶን መርካቶ ብዙ አታገኙም፤ ያገኘሁ ቀን ዋጋውን ብዙም አልከራከርም።

እትዬን ይዤ መርካቶ ወረድኩ። ነጋዴው «ኦሪጅናል ነው» ሲል እሺ እያልኩ ቀዩን ነጠላ ከፌስታል አውጥቼ አምፖሉ ሥር ዘረጋሁት፤ እሳቸው ደግሞ እያፈራረቁ በር ላይ ወስደው ያዩታል። ሰው ከቦን ነበር። የስልኬን ካሜራም ወደ በራው አምፖል አስጠጋሁ፦ ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስመሮች ከሮጡ ብርሃኑ ይርገበገባል ማለት ነው፣ ሲውል ዓይን ያደክማል፣ መለስኩት። ቀጥሎ ያየሁት ቮልቱን ነው። እኛ ሰፈር ማታ ማታ ኃይሉ ይወርዳል፤ 220 ብቻ ከሚል አምፖል ይልቅ ከ100 እስከ 240 የሚል የተሻለ ይቋቋማል።

የመረጥነው 4000 ኬልቪን፣ ሲአርአዩ ከ90 በላይ ነው። እትዬ ሱቅ ገብተው ሲያበሩት ፊታቸው ተለወጠ፦ «ይሄ እኮ ከዚያኛው ያነሰ ነው!» እውነታቸውን ነው። ቀለም በደንብ የሚያሳይ አምፖል በዚያው ዋት ትንሽ ሉመን ይቀንሳል፤ ነጭ ለለመደ ዓይን ደግሞ የባሰ ጨለማ ይመስለዋል። ዋጋውን ሲያስቡት ደግሞ ሌላ ክርክር ተነሳ። ስድስቱንም መቀየር አያስፈልግም ብዬ ተስማማን፦ መስታወቱ ላይ፣ ባንኮኒው ላይና የጥለት መደርደሪያው ላይ ደህናው ይሰቀል፣ ዕቃ ቤትና ሽንት ቤት ያ ርካሹ ይብቃቸው። መስታወቱ ላይ ያለውን የተዘጋ የብርጭቆ ሽፋንም አወለቅኩት፤ ኤልኢዲ የሚሞቀው ታች አንገቱ ላይ ስለሆነ አየር ካጣ ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ቶሎ ይቃጠላል።

«ቤቴስ?» አሉኝ። ሳሎንና መኝታ ቤት 2700 ወይም 3000 ኬልቪን፣ ሲአርአይ 80 ይበቃቸዋል፤ የወጥ ቤቱን ሲአርአይ ትንሽ ከፍ ያድርጉት አልኳቸው፣ ሥጋና ቲማቲም እዚያ ነው የሚታየው።

ሦስት ያወለቅናቸው አምፖሎች ጠረጴዛ ላይ ቀርተው ነበር። ሁለቱ ዕቃ ቤትና ሽንት ቤት ገቡ። ሦስተኛውን እትዬ ክር ሊያስረክብ ለመጣው ሸማኔ ዘረጉለት፦ «እንካ፣ መሸመኛህ ላይ ስቀለው፣ አዲስ ነው።»

ሰውዬው አምፖሉን አገላብጦ አየና መልሶ አስቀመጠው። «ለወንድምዎ ልጅ ይስጡት፣ እትዬ፤ እኔ በቀን ነው የምሸምነው።»