የቮልሴ ቤንዚን ፓምፕ ሲንኳኳ፦ ጥፋቱን ያገኘሁበት መንገድ

የቮልስ ሞተር ድሮም ዝምተኛ አይደለም። በአየር ስለሚቀዘቅዝ ድምፁን የሚያፍንለት ውሃ በዙሪያው የለም። ባለቮልስ ሁሉ ግን የመኪናውን ድምፅ ለይቶ ያውቃል። እኔም በ1972 እ.ኤ.አ. የተሠራችውን 1300ዬን አውቃታለሁ። በለመድኩት ድምፅ ላይ ሌላ ሲጨመርበት ወዲያው ነው የገባኝ። ሚኒሞ ላይ (ፔዳሉን ሳልረግጥ ሞተሩ ዝግ ብሎ ሲዞር) ጠቅ ጠቅ የሚል፣ ብረት ብረትን ሲመታ የሚሰማ ደረቅ ድምፅ። ነዳጅ ስሰጣት ምቱ አብሮ ይፈጥናል። ወደ እንጦጦ ስወጣ ደግሞ አቅም ያጥራታል፣ ታንቃ እንደተያዘች ትንገጫገጫለች።

የሰማ ሁሉ ፍርዱን ሰጠ። አንዱ “ቫልቭ ነው፣ አስተካክለው” አለኝ። ሌላው “ፓምፑ አልቆለታል፣ አዲስ ግዛ” አለ። አቅም ማጠሩን ደግሞ በሙቀት ያሳበቡም ነበሩ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ቤንዚን በትንሽ ሙቀት ይተናል፤ ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ የሚጠመጥሙ ሹፌሮችም አይቻለሁ። የእኔዋ ግን ጠዋት በብርድ፣ ሞተሩ ገና ሳይግል ነበር ዳገት ላይ የምትደክመው። ስለዚህ ሙቀትን ከዝርዝሩ አወጣሁት።

ቫልቭና ፓምፕ ለምን እንደሚምታቱ ማወቅ ጥሩ ነው። የቮልስ ቤንዚን ፓምፕ የሚሠራው በኤሌክትሪክ አይደለም። ዲስትሪቢዩተሩን (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን) የሚያዞረው አካል ላይ ካም፣ ማለትም ሲዞር የሚገፋ ጉብታ፣ አለ። ካሙ አንድ ቀጭን ዘንግ ወደ ላይ ይገፋል፣ ዘንጉ የፓምፑን ማንሻ ይገፋል፣ ማንሻው ቤንዚን የሚመጠውን ስስ ሽፋን (ዲያፍራሙን) ይስባል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ክራንክ ሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ሁለቴ ሲዞር አንዴ ነው። እያንዳንዱ ቫልቭም ክራንክ ሻፍቱ ሁለቴ ሲዞር አንዴ ነው የሚከፈተው። ስለዚህ አንድ የላላ ቫልቭና የሚንኳኳ ፓምፕ ምታቸው እኩል ነው። ምቱን ብቻ ሰምቶ “ይሄ ነው” ማለት አይቻልም። የሚለያቸው ድምፁ የሚወጣበት ቦታ ነው።

በነፃ ከሚሠራው ጀመርኩ። ሞተሩ አድሮ ሲቀዘቅዝ የቫልቮቹን ክፍተት ለካሁ። 0.15 ሚሊሜትር ነው መሆን ያለበት፤ ሁሉም ደህና ነበሩ። ቀጥሎ ረጅም ካቻቢቴ ይዤ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ሥር ካለው አጥንት ላይ አስደገፍኩ። ይህን ስታደርጉ ፀጉር፣ ሻርፕና እጅጌ ከቺንጋው ይራቁ። የቫልቭ ሽፋኖቹ ላይ የሚሰማው የተለመደው ጉርምርምታ ነው። ፓምፑ ላይ ሳደርገው ግን እያንዳንዱ ምት ቁልጭ ብሎ መጣ። ከላይኛው ክዳን ይልቅ ደግሞ ሞተሩ ላይ የተቀመጠበት እግሩ ጋ ይበረታል። ይህቺ ልዩነት ናት ትኩረቴን ወደ ዘንጉ የወሰደችው።

ካቻቢቴ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ድምፅ በብረት ውስጥ ይጓዛል። ቁርጡን የሚነግረው ፓምፑን አውጥቶ ሞተሩን ማስነሳት ነው። ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ሚኒሞ ላይ ለጥቂት ጊዜ ያሠራታል። የቮልስ ታንከር ከፊት፣ ከፓምፑ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ቤንዚን የሚያመጣውን የጎማ ቱቦ ስትነቅሉት ቤንዚኑ ራሱ ይፈሳል። መጀመሪያ ቱቦውን ድፈኑ። ዘንጉን አውጡና ቀዳዳውን በጠፍጣፋ ብረት አሽጉት፣ አለዚያ ዘይት ይረጫል። የፈሰሰውን ጠርጋችሁ፣ ሽታው እስኪጠፋ ጠብቃችሁ፣ እሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ አስነሱ፤ ይህንንም ደጅ፣ አየር ባለበት ቦታ አድርጉት። እኔ ሳስነሳት ጠቅታው የለም። ከዚያ በኋላ ስለ ቫልቭ ከማንም ጋር አልተከራከርኩም።

ሲፈታ አንድ ነገር አለ። ፓምፑ ሥር ዘንጉን የሚመራ የፕላስቲክ መቀመጫ አለ። በሥራው ያረጁ አንድ የሰፈራችን መካኒክ ገና ቁልፍ ስይዝ “ልጄ፣ ዘንጉን ሳታወጣ ያቺን ፕላስቲክ እንዳትነካት” አሉኝ። “እሺ ጋሼ” ብዬ መጀመሪያ ዘንጉን መዘዝኩ። ስትገጥሙም መቀመጫው ይቀድማል፣ ዘንጉ ይከተላል። ካልሆነ ዘንጉ ሞተሩ ሆድ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ እሱን ማውጣት ሌላ ጣጣ ነው።

ፓምፑን እጄ ላይ አገላብጬ አየሁት። የማንሻው ሞላ ጠንካራ ነው። ፒኑ አይወዛወዝም። ዘይቱን በመለኪያው አውጥቼ አሸተትኩት፣ የቤንዚን ሽታ የለውም። ዲያፍራሙ ቢቀደድ ቤንዚን ወደ ዘይቱ ይገባል፣ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ኩሽኔታ ይበላል። እንዲህ ያለ ሽታ ያገኘ ሰው ሞተሩን ያጥፋ።

ጥፋቱ ያለው ከፓምፑ በታች ነበር። እንደ እኔዋ ዲናሞ ላለው ሞተር የዘንጉ ርዝመት 108 ሚሊሜትር ነው። በኋላ አልተርኔተር የገባላቸው ሞተሮች ፓምፕ 100 ሚሊሜትር ነው የሚፈልገው። የእኔው ጫፉ ተበልቶ መሃሉ ጎድጉዷል፣ ያብለጨልጫል። በዚያ ላይ ከእኔ በፊት የያዛት ሰው ፓምፑ ሥር ከወፍራም ካርቶን የተቆረጠ ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያ ማሸጊያ) ደራርቦበታል። ሞተሩን በእጄ እያዞርኩ ዘንጉ እስከ መጨረሻ ከፍ ሲል ከጓርኒሲዮኑ በላይ የወጣውን በካሊፐር ለካሁ። 13 ሚሊሜትር መሆን ሲገባው 11 ብቻ ነው። ሁለት ሚሊሜትር ትንሽ ትመስላለች። የዘንጉ ጠቅላላ እንቅስቃሴ ግን 4 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ግማሹ ባዶ ቦታ ላይ ይባክናል ማለት ነው። ዘንጉ ሲወርድ ከማንሻው ይለያል፣ ሲወጣ ይመታዋል። ጠቅታውም የእንጦጦው ድካምም ከዚሁ ነው የመጣው። ሁለት ችግር ይመስለኝ የነበረው አንድ ሆኖ ሲገኝ ያለኝ ደስታ አይነገርም።

አዲስ ፓምፕ ብገዛ ኖሮ በዚያው ዘንግ፣ በዚያው ካርቶን ላይ እገጥመው ነበር። ድምፁም ይቀጥል ነበር። ለዚህ ነው ፓምፕ ከመግዛታችሁ በፊት ዘንጉን ለኩ የምለው።

መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ አሮጌውን ዘንግና ካሊፐሬን ይዤ ሄድኩ። ሻጩ ሁለቱንም ርዝመት አወጣልኝ፤ በዓይን ሲታዩ ይመሳሰላሉ፣ እዚያው ለክቼ 108ቱን ወሰድኩ። ቤት ስገባ ስስ ጓርኒሲዮን እየጨመርኩና እየቀነስኩ 13 ሚሊሜትር ላይ አቆምኩት። ዘንጉ ከዚያ በላይ ከወጣም ማንሻውንና ዲያፍራሙን ይጎዳል። ከመግጠሜ በፊት የፓምፑን የታችኛውን ክፍል ግራሶ ሞላሁት። ብዙ ሰው ይህን ይዘላል፣ ደረቅ ማንሻ ግን ቶሎ ይበላል። ዳዶዎቹን ተራ በተራ፣ ሳልጨክን አጠበቅኳቸው፤ ፕላስቲኩ በኃይል ይሰነጠቃል።

አሁን ጆሮ ቀርቦ ካላዳመጠ ፓምፑ አይሰማም። ሜካኒካል ፓምፕ ጨርሶ ዝም አይልም፣ ያቺን ትንሽ ድምፅ አልፈራትም። እንጦጦንም ሳትንገጫገጭ ትወጣለች። የቀረኝ ሥራ ሞተሩ ክፍል ውስጥ የቤንዚን ቱቦው መሃል የተንጠለጠለውን የፕላስቲክ ቤንዚን ማጣሪያ ወደ ፊት፣ ታንከሩ ሥር ማዛወር ነው። ከጋለ ሞተር በላይ ቤንዚን የሚያፈስ መጋጠሚያ የስንቱን ቮልስ እንዳቃጠለ ባለቮልስ ሁሉ ያውቃል። የቤንዚን ቱቦዎቹንም አብሬ እቀይራቸዋለሁ፣ ጨርቃቸው መተርተር ጀምሯል።