የአምባዛ ክንፍና የእኛ ክንድ

ባሕር ዳር ክረምቱ ከብዷል። ጣናና ሰማዩ ድንበራቸው ጠፍቷል፤ እኔም ከጠዋት ጀምሮ ሆድ ብሶኛል፤ ምክንያቱን አላነሳውም። ዓሣ ቤቱ ጓሮ አንድ አምባዛ ሲበለት ቆሜ አየሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

አምባዛ የሚበልት ሰው ክንፉን ይጠነቀቃል። ከጭንቅላቱ ኋላ ግራና ቀኝ ያለው ክንፍ ከፊቱ ጥርስ ያለው ወፍራም እሾህ አለው፤ በደንብ ካልያዙት እጅ ይቀድዳል። ዝናብ ሲያባራ፣ ሣሩ ገና እርጥብ ሳለ፣ ከአንዱ ኩሬ ወደ ሌላው እየተንፏቀቀ የሚሻገረው በዚያ እሾህ እየተደገፈ ነው። የስንጥቡን ክዳን ገልጠው ከስንጥቡ በላይ ያለውን ጎድጓዳ ቦታ ቢያዩ ደግሞ ደም የመላበት፣ እንደ አበባ ጎመን የተንዠረገገ ነገር ያገኛሉ። አየር የሚስበው በእርሱ ነው፤ ሳንባ ግን አይደለም። ብዙ ሰው «ከውሃ ወጥቶ የእኛ ቅድመ አያት የሆነው ዓሣ ይኸው» የሚለው ይህን አይቶ ነው። የእኛ ዘር ግን በአምባዛ በኩል አልመጣም። ክንፉን ቢሰነጥቁት ከእሾሁና ከለስላሳዎቹ ዘንጎች ሥር ጥቃቅን አጥንቶች አሉ እንጂ ክንድ የሚባል አጥንት የለም። አየር መሳቡንም መንፏቀቁንም ለብቻው፣ በራሱ መንገድ ያገኘው ነው።

እኛ የመጣነው ክንፋቸው ሥር ሥጋና ጠንካራ አጥንት ካላቸው ዓሦች ነው። ከ380 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የኖረው፣ ካናዳ ኬቤክ ውስጥ የተገኘው ኢውስቴኖፕቴሮን ክንፉ ውስጥ ከትከሻ ተነስቶ አንድ አጥንት፣ ቀጥሎ ሁለት አጥንት አለው። ክንዳችሁን ዳብሱ፤ እስከ ክርን አንድ፣ ከክርን ወዲያ ሁለት። ሥርዓቱ ያው ነው፤ የቀረው የእጅ አንጓና ጣት ብቻ ነበር።

በዓሣና በባለ እግር እንስሳት መካከል ያለው ቅሪተ አካል፣ ቲክታሊክ፣ የተገኘው በአጋጣሚ አልነበረም። የቅሪተ አካል ተመራማሪዎቹ ኒል ሹቢንና ቴድ ዴሽለር መጀመሪያ የጠየቁት የትኛው ዘመን ድንጋይ እንደሚያስፈልጋቸው ነው፤ ከዓሣዎቹ በኋላ፣ እግር ካላቸው እንስሳት በፊት፣ በወንዝ ደለል የተሠራ። እንዲህ ያለው ድንጋይ በካናዳ አርክቲክ፣ ኤልስሚር ደሴት ላይ ሜዳ ለሜዳ ተዘርግቶ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1999 ፍለጋ ጀመሩ፣ በ2004 አገኙት፣ በ2006 አሳተሙት። ዕድሜው 375 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ያኔ ያ በረዷማ አገር ከምድር ወገብ አጠገብ ነበር። (እኛ እንዲህ ያለውን ድንጋይ ፍለጋ ወደ ዓባይ በረሃ ብንወርድ፣ ከደጀን ቁልቁል የሚታየው የኖራ ድንጋይ የጁራሲክ፣ የዳይኖሰሮች ዘመን፣ ባሕር ደለል ነው፤ ቲክታሊክ ከእርሱ ከ200 ሚሊዮን ዓመት በላይ ይቀድማል።)

ቲክታሊክ ቅርፊት አለው፣ ስንጥብ አለው፣ ክንፉ ጫፍ ላይም የዓሣ ዘንጎች አሉ። ክንፉ ውስጥ ግን የእጅ አንጓ አለ። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ አንገቱ ነው። ዓሣ አንገት የለውም፤ ጭንቅላቱ ከትከሻው ጋር በአጥንት ተያይዟል፤ ወደ ጎን ለማየት መላ ሰውነቱን ያዞራል፤ በጥልቅ ውሃ ይህ አያስቸግርም። ጥልቀት በሌለው ውሃ በክንፉ ተደግፎ ሆዱ መሬት የነካ ዓሣ ግን እንደ ልቡ ሊዞር አይችልም። በቲክታሊክ እነዚያ አያያዥ አጥንቶች የሉም፤ የስንጥቡ ክዳን አጥንትም አብሮ ጠፍቷል፤ ጭንቅላቱ ነጻ ወጥቷል። ዓይኖቹም ወደ ላይ፣ ወደ ጭንቅላቱ አናት ተጠግተዋል።

ዓሣ የሚያህል ነገር አየር በሞላበት ምድር ላይ ለምን ታፍኖ ይሞታል? አንድ ሊትር አየር ከ200 ሚሊ ሊትር በላይ ኦክስጅን አለው፤ አንድ ሊትር ሞቅ ያለ ውሃ 10 እንኳ አይሞላም። ችግሩ ስንጥቡ ነው፤ ስስ ቅጠሎቹን ለያይቶ የሚይዛቸው ውሃው ነበርና፣ ውሃው ሲሸሽ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ አየሩ የሚነካው ገጽ ያልቃል። ሳንባ ይህን ችግር የፈታው ገና ማንም ከውሃ ሳይወጣ ነው። የጥንት ዓሦች ሳንባ ነበራቸው፤ ኦክስጅን ባነሰበት ሞቃት ውሃ ውስጥ አፍን ወደ ላይ አውጥቶ መሳብ ያድናልና። የቆሮሶን ሆድ ስትከፍቱ ከጀርባ አጥንቱ ሥር የምታገኙት የአየር ከረጢት የዚያ ሳንባ ዘመድ ነው።

ኩሬው ሲደርቅ ዓሣው ሌላ ኩሬ ፍለጋ ተንፏቀቀ፣ በዚያው እግር አወጣ የሚለው የቆየ ትረካ ውብ ነው፤ ግን አጥንቱ አይመሰክርለትም። እ.ኤ.አ. በ1987 የቅሪተ አካል ተመራማሪዋ ጄኒ ክላክ የመሩት ቡድን ከምሥራቅ ግሪንላንድ ያመጣው አካንቶስቴጋ የተባለ ጥንታዊ እንስሳ እግርም ጣትም አለው፤ ስንጥቡና የዓሣ ጭራው ግን አሉ፤ አንጓውም ክብደት የሚሸከም አይደለም። እግሩ የተሠራው በውሃ ውስጥ፣ በውሃ ተክልና በወደቀ ግንድ መካከል ለመግፋት ነው። ሳንባው፣ አንገቱ፣ ጣቱ፣ ሁሉም የውሃ ሥራ ነበረው። የብሱን ያሰበ ማንም አልነበረም። ይህን ሳስብ ልቤ ይሞላል።

የቀጥታ የዘር ሐረግ ግን አትሥሩበት። ፖላንድ ዛሄልምየ ላይ ተገኝተው እ.ኤ.አ. በ2010 የታተሙት የእግር ዱካዎች 390 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ናቸው፤ ከቲክታሊክ ይቀድማሉ። ስለዚህ ቲክታሊክ አያታችን ሳይሆን የአያታችንን መልክ የያዘ ዘመድ ነው። የጮቄ እንቁራሪትም እንዲሁ የመጀመሪያዎቹ ባለ እግር እንስሳት ልጅ እንጂ ራሳቸው አይደለችም፤ ዕንቁላሏ ቅርፊት ስለሌለው እርጥበት ትፈልጋለች፣ ያ ግን የቆየ ውርስ ነው።

አሁን የሚያስጨንቀኝ ጣቱ ነው። አካንቶስቴጋ በፊት እግሩ 8 ጣት አለው፤ ሌላው ጥንታዊ ባለ እግር ኢክትዮስቴጋ በኋላ እግሩ 7፤ ሩሲያ የተገኘው ቱለርፔቶን 6። ከዚያ በኋላ የመጡት በ5 ይረጋሉ፤ ከ5 የሚያንሱት ብዙ ናቸው፣ ፈረስ 1፣ በሬ 2፣ እንቁራሪት በፊት እግሯ 4፤ ከ5 የሚበልጥ እውነተኛ ጣት ይዞ የቆየ ዘር ግን የለም ማለት ይቻላል። ክብደት ለመሸከም ነው እንዳይባል፣ 6ም ይሸከማል። በፅንሱ ውስጥ ጣት የሚያወጣው ሥርዓት ከሌላ ነገር ጋር ስለተቆላለፈ ይሆን? ከሆነስ፣ ለምን በ5 ላይ?