ኒውትሮንን ያስያዘው ናይትሮጅን

ፊዚክስ ሳስተምር በጣም የምጓጓው ኒውትሮን (በአቶም እምብርት ውስጥ ያለ፣ ቻርጅ የሌለው ቅንጣት) ላይ የምንደርስበትን ቀን ነው። መማሪያ መጻሕፍት «እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ቻድዊክ እ.ኤ.አ. በ1932 አገኘው» ብለው ያልፉታል። እኔ ግን እንዲህ ባጭሩ ማለፍ አይሆንልኝም።

እስቲ ችግሩን አስቡት። ቻርጅ ያለው ቅንጣት በጋዝ ውስጥ ሲያልፍ ኤሌክትሮኖችን እየነቀለ ስለሚሄድ ዱካው ይታያል። ቻርጅ የሌለው ግን ዱካ አይተውም። የቻድዊክ መምህር የነበረው ራዘርፎርድ በ1920 እንዲህ ያለ ቅንጣት ሊኖር ይችላል ብሎ ነበር። ቻድዊክም ለዓመታት ፈልጎ አጥቶታል።

በ1930 ጀርመኖቹ ቦተና ቤከር ቤሪሊየምን በአልፋ ቅንጣቶች (በሂሊየም እምብርቶች) ሲደበድቡ እርሳስ የተባለውን ከባድ ብረት እንኳ ሰንጥቆ የሚያልፍ ጨረር አገኙ። ከፍተኛ ጉልበት ያለው ብርሃን፣ ማለትም ጋማ ነው አሉ። በጥር 1932 ፓሪስ ላይ ኢሬንና ፍሬደሪክ ዦሊዮ-ኩሪ ጨረሩን ሃይድሮጅን የበዛበት ፓራፊን ሰም ላይ ሲለቁት ፕሮቶኖች (የሃይድሮጅን እምብርቶች) ተፈናጥረው ወጡ። ግሩም ሙከራ ነው! እነሱም ግን ጋማ ነው አሉ።

ቻድዊክ ይህን አላመነም። ካምብሪጅ ውስጥ ሙከራውን ደገመው። (የአልፋ ቅንጣቶቹ ምንጭ የሆነው ፖሎኒየም የተገኘው ባልቲሞር ካለ ሆስፒታል ነው፤ አገልግለው ከተቀመጡ የራዶን ቱቦዎች።) ከሃይድሮጅን ሌላ ናይትሮጅንንም አስመታ። ልቤን የሚነካው ይሄ ነው። ጨረሩ ጋማ ከሆነ፣ ፕሮቶኑን ለማፈናጠር 50 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት (የጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ ይበቃዋል፤ ናይትሮጅኑን ለማፈናጠር ግን 90 ሚሊዮን ያስፈልገዋል። አንድ ጨረር ሁለት ጉልበት ሊኖረው አይችልም።

ጨረሩ ቅንጣት ነው ብንልስ? እዚህ ላይ ተማሪዎቼን እርሳስ አስይዛቸዋለሁ። ፕሮቶኑ በሰከንድ 33,000 ኪሎ ሜትር፣ ናይትሮጅኑ 4,700 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። ጥምርታው 7 ነው። የፕሮቶን መጠነ ቁስ 1፣ የናይትሮጅን 14 ነው፤ ያልታወቀውን የጨረሩን ቅንጣት መጠነ ቁስ «መ» እንበለው። ግጭቱ ፊት ለፊት ከሆነ፣ መ+14 ለ መ+1 ሲካፈል 7 መስጠት አለበት። መ ከ1 ትንሽ ይበልጣል! ቻድዊክ 1.15 አግኝቷል፤ ስህተቱ እስከ 10 በመቶ ሊደርስ እንደሚችልም ጽፏል። ማንም ሊያየው ያልቻለውን ቅንጣት በአንዲት ማካፈል መመዘን ይቻላል። ይህን ስሌት ሳልደነቅበት ሠርቼው አላውቅም።

ቻድዊክ ራሱ ግን ኒውትሮን ፕሮቶንና ኤሌክትሮን ተጣብቀው የፈጠሩት ነው ብሎ ያስብ ነበር። ያ ቢሆን፣ ሲጣበቁ ጉልበት ስለሚለቁ፣ ከሃይድሮጅን አቶም መቅለል ነበረበት። በ1934 ከወጣቱ የፊዚክስ ተመራማሪ ጎልድሃበር ጋር ዲዩትሮንን (የአንድ ፕሮቶንና የአንድ ኒውትሮን ጥምር እምብርትን) በጋማ ሰብረው ሲለኩት፣ ኒውትሮኑ ከሃይድሮጅን አቶም ከብዶ ተገኘ፤ ስለዚህ የፕሮቶንና የኤሌክትሮን ጥምር አይደለም።